ኮት የለበሰ ሸማኔ

ጎተንበርግ፣ ስዊድን
ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለአዲሳለም አክሊል፣

ከሁሉ አስቀድሜ የመድኃኔዓለም ሰላም ጳውሎስ ሰፈር ካለው ቤታችሁ ይግባ፤ ከአባትሽ ወገብ እስከ ግቢው ድመት ድረስ ሁላችሁንም በጤና ያቆይልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ የምነዳው የከተማ ባቡር ግን ማሞቂያ ስላለው እንደ አባትሽ ወገቤን አላማርርም።

ይህንን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። አንቺ ግን በስልክ ሰው ቃሉን ሳይጨርስ ትቀድሚያለሽ፤ ወረቀት ላይ ሲሆን እስከ መጨረሻው ለማንበብ ትገደጃለሽ። መልስሽንም በእጅሽ ጽፈሽ ፎቶውን በቴሌግራም ላኪልኝ።

የምሥራች አለኝ። ለሶሊያና ፈላጊ መጥቶላታል። ሱራፌል ይባላል፤ እዚሁ የሚሠራ መሐንዲስ ነው፤ ጨዋ ልጅ ነው፤ እሷም ወዳዋለች። ቤተሰቦቹ አዲስ አበባ ስለሆኑ በወጉ ሽማግሌ እንልካለን ብለዋል። እኔ ባሕር ማዶ ነኝና ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ወደ ታናሽ ወንድሜ፣ ወደ አባትሽ ነው። እሑድ ታኅሣሥ 20 ጠዋት እቤታችሁ ይገኛሉ።

እንግዲህ ስሚኝ። ለፋሲካ የላክሁትን ግራጫ ኮት አክሊል ይልበስ፤ ክራቫቱም አብሮ ነው። ጆሮውንና ቅንድቡን አንቺ ራስሽ እይለት፤ አንዲት ጥጥ እንዳትኖር። ቤት ውስጥ ፈትል ካለ ጎረቤት ይደር። ሥራችሁን ሲጠይቁ «የባህል ልብስ ነጋዴዎች ነን» በሉ። ይህ ውሸት አይደለም፤ የሠራችሁትን ትሸጣላችሁ አይደል? እኔም ለሱራፌል ወላጆች የነገርኋቸው ይህንኑ ነው።

አንቺን በተመለከተ ደግሞ፣ ስትሸምኚ የተቀረጸው ያ የስልክ ቪዲዮ እዚህ ድረስ መጥቷል። ቱታ ለብሰሽ፣ እግርሽን የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ከተሽ፣ ፀጉርሽ ጥጥ ለብሶ፣ ጭራሽ ትስቂያለሽ። በአገራችን በጨንቻ ሴት ልጅ ትፈትላለች እንጂ ስትሸምን አልታየም። እኔ ኮሌጅ ያስተማርሁሽ ከዚያ ጉድጓድ እንድትወጪ ነበር፤ አንቺ ባንክ ቤቱን ትተሽ ተመልሰሽ ገባሽበት። ቢያንስ ቪዲዮውን ሽማግሌዎቹ ሳይመጡ አጥፊው።

አጎትሽ ቦጋለ


ሽሮ ሜዳ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ቦጋለ፣

እግዚአብሔር በበረዶውም በሐዲዱም ላይ ይጠብቅዎ። አባዬ ሰላም ብሎዎታል፤ ወገቡ እንደ አየሩ ነው። ድመቷ ወልዳለች።

ለሶሊያና እልል ብያለሁ። በእውነት፣ እዚሁ ሥራ ቦታ፣ ጮክ ብዬ። ከጎኔ የሚሠሩት ሰዎች ምን ሆነች ብለው ዘወር አሉ። እስከ መጨረሻው አንብቤዎታለሁና እርስዎም እስከ መጨረሻው ያንብቡኝ።

አባዬን ኮት ልበስ ብሎ ማዘዝ አያስፈልግም። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ለብሶታል። ሥራ ሲያበቃ እኛ ሌሎቹ ከነጥጣችን ወጥተን ስንሄድ፣ እሱ ግድግዳው ላይ በሰቀላት ቁራጭ መስታወት ፊት ይቆማል። ቅንድቡን ያራግፋል፤ ጆሮውን በመሐረብ ጫፍ ይጠርጋል፤ ሸሚዝ ይቀይራል፤ ኮቱን ይደርባል፤ አንድ የቆየ ጋዜጣ ብብቱ ሥር ይከትና ታክሲ ይሳፈራል። ጳውሎስ ሲወርድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኗል። ለጎረቤት እንዲያ ብሎ የነገረው እርስዎ ስላስተማሩት ነው። ሰዉም አምኖት «እንግዲያው መዝገብ ያውቃሉ» ብሎ የእድሩ ጸሐፊ አደረገው፤ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት በነፃ ያገለግላል። ሰው ዋሽቶ ሥራ ሲያገኝ አይቻለሁ፤ ዋሽቶ ደመወዝ የሌለው ሥራ ያገኘ ግን አባዬ ብቻ ነው።

ባንክ ቤቱን ለምን እንደተውኩት ጠይቀውኝ አያውቁም። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጉርድ፣ ቀኑን ሙሉ እግሬን የሚበላ ባለ ተረከዝ ጫማ። ሰፈሩ ሁሉ አከበረኝ። ቤት ስገባ ግን ዛሬ ምን ሠራሁ ብዬ ብጠይቅ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። አሁን አሳያለሁ። ጉርድ ለብሶ ጉድጓድ ውስጥ መቀመጥ ስለማይመች ነው ቱታ የለበስኩት፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት «የኔ ልጅ፣ ፀጉርሽ ላይ ጥጥ አለ» ብለው ሊያነሱልኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ይተዉት እማማ፣ የሥራዬ ነው» አልኳቸው።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሸማኔ ነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ረዳቱ «እህቴ፣ በቃ ለማዘር አንድ ጋቢ ሥሪልኝ፤ ቆንጆ ጥለት ያለው» አለና ስልክ ቁጥሬን ተቀበለ። ይኸው ነው የደረሰብኝ መከራ።

እርስዎ አምና የላኩልን ፎቶ ሳሎን ተሰቅሏል። ሰማያዊ የባቡር ነጂ ልብስ፣ ደረትዎ ላይ ስምዎ የተጻፈበት። አባዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳየዋል። የሰው አገር ባቡር ሲነዱ በሥራ ልብስዎ ፎቶ ይነሣሉ፤ የአባትዎን ሥራ የሚሠራው ወንድምዎ ግን ጥጡን አራግፎ፣ ጋዜጣ ይዞ ይውጣ። ይህ አልገባኝም ጋሼ፤ እንዲገባኝም አልፈልግም።

ቪዲዮው አይጠፋም። ኮቱን አባዬ ራሱ ያውቅበታል። እኔን ግን ሽማግሌዎቹ ምን ትሠሪያለሽ ካሉኝ፣ መልሴ ታክሲ ውስጥ የሰጠሁት ነው።

አክባሪዎ አዲሳለም


ጎተንበርግ
ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዲሳለም፣

ሰላምታዬ ለአባትሽ ይድረስ። አንቺን ተቆጥቼሻለሁና ያንቺን ለሌላ ጊዜ አቆይቼዋለሁ።

ምላስሽ እንደ መወርወሪያ ይመላለሳል። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል፤ አንቺ ሁለቱንም አልተማርሽም። ጥጥሽን ይዘሽ አደባባይ የምትወጪው ማንም ስላልመታሽ ነው። ለአባትሽ እንጂ ለሌላ ሰው ተናግሬው የማላውቀውን ልንገርሽ።

በ1979 ዓ.ም. የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሙሉ የምትባል ልጅ ወደድሁ፤ እሷም ወደደችኝ። አያትሽ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ራሳቸው ሄዱ። የጎረቤት ኮት ተውሰው ነበር፤ ሰፍቷቸዋል። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ እጠብቅ ነበር። የልጅቷ አባት በወጉ ተቀበሏቸው፤ አስቀመጧቸው፤ ጠላ ቀዱላቸው። ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ግን ሰውዬው በአያትሽ ጆሮ ውስጥ ጥጥ አዩ። ጠላውን ከእጃቸው ነጥቀው መሬት ደፉት። «ቁጢት በጣሽ ከቤቴ ይውጣ!» ብለው ሸማኔ የሚሰደብበትን ስድብ ሲሰድቧቸው እኔ አጥሩ ጋ ሆኜ ሰማሁ። አያትሽ ሲወጡ አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ስንቱን ጌታ ያለበሱ ሰው፣ መንገዱን ሙሉ ጆሯቸውን በጣታቸው ሲጠርጉ ሄዱ።

ሙሉን ሌላ አገባት። አክሊልን ከእንግዲህ ጥጥ ይዘህ ደጅ እንዳትወጣ ያልሁት ያን ቀን ነው፤ ታዘዘኝ። የምታፌዥበት ኮት ይህ ነው። ሶሊያና ይህንን አታውቅም። ሸማኔ እንደነበርሁም አታውቅም፤ አገር ቤት ጨርቅ እነግድ ነበር ነው ያልኋት። በእኔ የደረሰ በልጄ እንዳይደገም ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ስለዚህ የተሻለ አስቤያለሁ። አክሊል ሲዋሽ ፊቱ ያሳብቅበታል። አዲሱ ገበያ ልብስ መሸጫ ያለው የአክስታችን ልጅ ኤርሚያስ ግን መልበስም መናገርም ያውቅበታል። ሽማግሌዎቹ እሱ ቤት ይሂዱ፤ እሱ ወንድሜ ሆኖ ይቀበላቸው። አክሊል ከፈለገ እንደ ዘመድ ጥግ ይቀመጥ። አንቺ ባትመጪ ይሻላል። ይህንን ለአባትሽ በለስላሳ ቃል ንገሪው፤ ደብዳቤውን አታሳይው።

ቦጋለ


ሽሮ ሜዳ
ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቦጋለ፣

ጤናዎ ይብዛ፤ ቁጣዎ ይነስ። መልሴ የዘገየው አኩርፌ አይደለም።

ስለ አያቴ የጻፉትን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቴም አለቀስኩ። በኮቱ ከእንግዲህ አላፌዝም። ግን ጋሼ፣ ጠላ የደፉት እኮ ሰውዬው ናቸው። ጥፋቱ የእሳቸው ሆኖ እኛ ለምን አርባ ዓመት ሊሞላ ጆሯችንን እንጠርጋለን?

ደብዳቤውን ለአባዬ አሳየሁት። አታሳይው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ከእሱ ደብቄ ስለ እሱ መመካከር አልፈልግም። መነጽሩን አድርጎ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «ጥግ ይቀመጥ» ከምትለው ሲደርስ ቁጭ አለ።

ከዚያ አራት ቀን አልተናገረም። ይሠራል፤ ይበላል፤ ይተኛል። እድር የሚሰበስብ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ቢጠራው እንኳ በእጁ ምልክት መለሰው። በአምስተኛው ቀን ድር እየወጠረ ሳለ «ወንድም ይቀየራል እንዴ?» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለድሩ አላወቅኩም። ወዲያው የሱራፌልን አባት ቁጥር ጠየቀኝና ራሱ ደወለ።

«የቦጋለ ወንድም አክሊል ነኝ። ሽማግሌዎቹን እሑድ ሳይሆን ቅዳሜ ታኅሣሥ 19 ይላኩልኝ። ቤት ሳይሆን ሽሮ ሜዳ፣ የሥራ ቦታዬ። ለጥምቀት የታዘዘ አለብኝ፤ ሥራ አላቆምም።» ከወዲያ ምን ሥራ ሳይሉት አልቀሩም፤ «ሲመጡ ያዩታል» ብሎ ዘጋው።

እኔ እንዲህ አድርግ አላልኩትም፤ እንዲህ ይላል ብዬም አላሰብኩም። ለሠላሳ ምናምን ዓመት ልበስ ሲሉት የለበሰ ሰው ነው። ተነሥና ቦታህን ለሌላ ልቀቅ ሲሉት ግን እምቢ አለ። ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም።

አዲሳለም


ጎተንበርግ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዲሳለም፣

አታድርጉት። ታላቅህ ለምኖሃል በይው። ልጄ የመረጠችው ሰው በእናንተ ሰበብ ከእጇ ቢወጣ፣ እኔ ወንድም አለኝ አልልም። ሰላምታ የለኝም።

ቦጋለ


ሽሮ ሜዳ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ቦጋለ፣

ሰላምታ የለኝም ብለዋል። የእኛ ግን ገና አላለቀምና ይቀበሉን፤ እግዚአብሔር እርስዎንም ሶሊያናንም በሰላም ያቆይ።

ልመናዎን ለአባዬ ነግሬዋለሁ። «ታላቄ ነው፤ በሌላው ሁሉ ታዝዤዋለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። እንግዲህ የሆነውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገርዎ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። ትልቁ አቶ ተክለ ሃይማኖት ይባላሉ፤ የሱራፌል አያት ወንድም ናቸው፤ ሰማንያን ተሻግረው ከዘራ ይዘዋል። ሁለተኛው ቄስ ናቸው። ሦስተኛው የሱራፌል አጎት በእናቱ በኩል፣ አቶ ፊሊሞን፤ ሃምሳ ያልሞላቸው፣ ጫማቸው የሚያበራ፣ ሙሉ ልብስ ላይ ጋቢ የደረቡ። ገበያው ለገናና ለጥምቀት ጢም ብሎ ነበር፤ በተሰቀለው ነጠላ መሐል እየተሽሎከለኩ ከኋላ ወዳለው ሥራ ቤታችን ገቡ። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው። ኮት የለ፤ ጉልበቷ የተጣፈች ሱሪ፣ ካናቴራ፣ ቅንድቡ ነጭ በነጭ። እኔ አጠገቡ በራሴ የሽመና ዕቃ ላይ ነበርኩ።

«ግቡ፤ ይቺን ጥለት ካቋረጥኋት ትበላሽብኛለች፤ ትንሽ ታገሡኝ» አላቸው።

ሽማግሌ አስጠበቀ ጋሼ!  አቶ ተክለ ሃይማኖት የፈትል ጆንያ ላይ ተቀመጡ፤ ቄሱም ከጎናቸው። አቶ ፊሊሞን ቆሙ። አባዬ አልቸኮለም። ሲጨርስ መወርወሪያውን አስቀምጦ ቀና አለ።

«የሶሊያና አባት ታናሽ፣ አክሊል ነኝ። ሥራዬ ይህ ነው። የአባታችንም ይህ ነበር። ቦጋለም እዚህ ተቀምጦ ነው ያደገው። አሁን የመጣችሁበትን ተናገሩ።»

አቶ ፊሊሞን ወደ ትልቁ ሰውዬ ዞሩ። «ይህ መቼ ተነገረን? ነጋዴዎች ናቸው አልነበር እንዴ የተባልነው?»

«እሱን ያላችሁ ወንድሜ ነው። ልጁን ስለሚወድ ዋሸ» አለ አባዬ።

«እኛ እኮ አጥንት ቆጥረን ነው የምንጋባው!»

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «የደረቡትን ጋቢ ማን እንደሠራውስ ቆጥረዋል?» አልኳቸው። አባዬ «አዲስ! እንግዳ ነው» ብሎ ገሠጸኝ። አቶ ፊሊሞን ወጥተው ሄዱ። ጋቢያቸው በሩ ላይ ካለው ምስማር ተያዘና ተመልሰው ማላቀቅ ነበረባቸው፤ ቄሱ እንኳን ፈገግ አሉ።

አቶ ተክለ ሃይማኖት ግን አልተነሡም። «ፊሊሞን ገና ልጅ ነው» አሉ። ቀጠሉና «አባቴ ቢሆኑ እሳቸውም ይወጡ ነበር። እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ እወጣ ነበር፤ አልዋሽም። ግን ሽማግሌ ሆኖ የተላኩበትን ሳያደርሱ መመለስ ደግሞ ነውር ነው» አሉና ከዘራቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ቄሱም ተነሡ። በወጉ፣ ቆመው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» አሉ። አባዬም በወጉ «ዘመድ አማክሬ ልመልስላችሁ፤ ለቅዳሜ ጥር 17 ተመለሱ። እዚሁ» አላቸው።

አቶ ፊሊሞን ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም። የሱራፌል እናት ወንድማቸውን ይሰማሉ ይባላል። ስለዚህ የሶሊያናን ነገር አበላሽተን ይሆናል። ይህንን አልደብቅዎትም፤ ሳስበው ያመኛል። ይቅርታ ግን አልልም፤ የምናፍርበት ነገር አላደረግንም።

በማግሥቱ እድር ነበር። አባዬ በዚያችው ሱሪ ሄደ። መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም። ሸማኔ ነኝ። ዋሽቻችኋለሁና ሌላ ጸሐፊ ምረጡ» አለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ አድነው «አክሊል፣ እኛ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እናውቃለን። የመዝገብ ቤት ሰው ብትሆን ኖሮ መቼ በሰዓቱ ትመጣ ነበር?» አሉት። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ፤ መዝገቡንም መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡት።

አባዬ ግን አልሳቀም። ቤት ገብቶ «ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ሁሉም» እያለ ብዙ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ዘመን ኮቱን ለማን ብሎ እንደለበሰው ጠፍቶበት ነው።

ወንድም የለኝም ካሉ ይበሉ። እሱ ግን ወንድም አለኝ ይላል።

አዲሳለም


ጎተንበርግ
ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለአክሊል እና ለልጄ ለአዲሳለም፣

ነፍጌያችሁ የነበረውን ሰላምታ ከነወለዱ መልሻለሁ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይባርክ፤ እኔንም ከክፉ አመሌ ያላቅቀኝ።

ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ወሬው ቀድሞ ሶሊያና ጋ ደርሶ ነበር። ፊሊሞን ለእህቱ፣ እህቱ ለልጇ፣ ሱራፌል ለሶሊያና። የገና ዕለት ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆማ «አባ፣ ሸማኔ ነበርክ እንዴ?» አለችኝ። ነጋዴ ነበርሁ ልል አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣልኝም። «ነበርሁ» አልኋት።

ያናደዳት ሽመናው መስሎኝ ነበር። አልነበረም። «ሃያ ስድስት ዓመት ማን እንደሆንክ ሳታስታውቀኝ አሳደግከኝ» ብላ ነው ያለቀሰችው። እኔ ከሰው ንቀት እጠብቃት መስሎኝ፣ ለካ ከራሴ ነበር የጠበቅኋት። እንባዋን ጠርጋ «እንዴት ነው የሚሠራው?» አለችኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥሁና እግሬን ዝቅ አደረግሁ። በባዶ እጄ ወረወርሁ፤ ቀለብሁ፤ መታሁ፤ ረገጥሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ያልነካሁትን እጄ አልረሳውም። ሶሊያና ከእኔ በታች ያለው ደረጃ ላይ መጥታ ተቀመጠች።

ትናንት የሱራፌል እናት ደወሉልኝ። «ወንድምዎ ሽማግሌ አዋርደዋል። ይቅርታ ይጠይቁና በደህና ቤት፣ በደህና ልብስ እንደገና ይቀበሉን፤ ነገሩን እንዳልሆነ እንቁጠረው» አሉ። ከወር በፊት ቢሆን እሺ ብዬ አመሰግን ነበር። «ወንድሜ ማንንም አላዋረደም፤ ሥራ ላይ ነበር። ይቅርታ የሚጠይቅ ካለ እየረገጠ የወጣው ሰው ነው» አልኋቸው። ስልኩን ዘጉብኝ። ሱራፌል እኔ የማገባው ሶሊያናን ነው ይላል፤ ግን እናቱን የሚወድ ልጅ ነውና መጨረሻውን አላውቅም። ሶሊያና «የሚቀር ይቅር» ብላለች። ይህንን ስትል ድምፅዋ አንቺን አንቺን አለኝ፤ አልወደድሁትም፤ ኮራሁም።

አክሊል፣ ጥግ ይቀመጥ ያልሁበትን አፌን ይቅር በለው። ያን ቀን አባታችን ሲወጡ ከአጥሩ ሥር ብቅ ብዬ ክንዳቸውን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝሁም፤ አፈርሁ። ያንን እፍረት አንተን አልብሼህ ኖርሁ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። ጥር 14 እገባለሁ፤ ሶሊያናም አብራኝ ናት። ማንም ሥራ አቁሞ አውሮፕላን ማረፊያ እንዳይመጣ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።

ጥር 17 ሽማግሌዎቹ ቢመጡም ቢቀሩም የእነሱ ጉዳይ ነው። እኔ ከወንድሜ ጎን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ እሠራለሁ። ልጄን ለልጁ የሚፈልግ ሰው እዚያው ይምጣና፣ ጎንበስ ብሎ ይጠይቀኝ።

ቦጋለ